ዉች፦ ጡቡ ዳነ፣ ሰዎቹስ?

በፖላንድ መሀል አገር አንድ ሆቴል አለ። ጣራው ላይ የመዋኛ ገንዳ አለው። ገንዳው መጀመሪያ የተሠራው ለዋና አልነበረም። ሕንፃው የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ሳለ፣ እሳት ቢነሳ የሚደፋ ውሃ የሚጠራቀምበት ታንከር ነበር። ጥጥ ባለበት ቤት እሳት ቀልድ አያውቅም። ብናኙ እንኳ ይነዳል። ስለዚህ ውሃው ከሠራተኞቹ አናት በላይ ቀን ከሌት ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ እንግዳው በጀርባው ተንሳፍፎ ሰማይ ያይበታል።

ከተማዋ ዉች ትባላለች። በላቲን ፊደል ተጽፋ ያያት ሰው «ሎድዝ» ብሎ ቢያነባት አይፈረድበትም። አገሬው ግን «ዉች» ነው የሚላት። ትርጉሙ ጀልባ ነው፤ አርማዋም ላይ ጀልባ ተስሏል። ጀልባ የሚያስኬድ ወንዝ ግን የላትም። ያሏት ትንንሽ ወንዞች ፋብሪካዎቹን ሲያገለግሉ ኖረው፣ ኋላ ብዙዎቹ ከመንገድ ሥር በቱቦ ተቀብረዋል።

ስለ ፖላንድ ከተሞች ሲወራ ዋርሶና ክራኮፍ ይቀድማሉ። እኔ ግን ዉችን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በአንድ እንጀራ ብቻ የኖረች ከተማ ያ እንጀራ ሲቋረጥባት ምን ትሆናለች የሚለውን ጥያቄ በገሃድ የኖረችው እሷ ናት። መልሱን ለማየት ከጥንቱ መነሳት ያስፈልጋል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዉች የከተማነት መብት ያገኘችው በ1423 ነው። ከዚያ በኋላ ለ400 ዓመት ያህል ምንም አልሆነችም። በ1820 ነዋሪዋ 1,000 እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያ ዓመት ነው በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት (ዛር) ሥር የነበረው የፖላንድ መንግሥት «እዚህ የፋብሪካ መንደር ይቆርቆር» ብሎ የወሰነው። የጀርመን ሸማኔዎች ተጠሩ። መሬት ተሰጣቸው፣ ለቤት መሥሪያ እንጨት ተሰጣቸው፣ ለጥቂት ዓመታት ከግብር ነፃ ተባሉ። በዛሬ ቋንቋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማለት ነው፣ ያውም ከ200 ዓመት በፊት።

በ1839 ሉድቪክ ጋየር የሚባል ባለሀብት የከተማዋን የመጀመሪያ የእንፋሎት ሞተር ፋብሪካው ውስጥ ተከለ። ያ ነጭ ፋብሪካ ዛሬም ቆሟል፤ የጨርቃ ጨርቅ ማዕከላዊ ሙዚየም ሆኗል። ከሞተሩ በላይ ዉችን ያሳደጋት ግን የቀረጥ ጉዳይ ነው። በ1851 በፖላንድና በሩሲያ መካከል የነበረው የቀረጥ አጥር ተነሳ። ከዉች የወጣ ጨርቅ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ የሚዘልቅ ገበያ ተከፈተለት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ያቺ 1,000 ሰው ያልሞላት መንደር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ይኖርባት ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ እንዲህ የተተኮሰ ከተማ ማግኘት ይቸግራል።

ሰዎቹ ከየአቅጣጫው ነው የመጡት። ጀርመኑ፣ አይሁዱ፣ ፖላንዱ፣ ሩሲያዊው ተቀላቅሎ ይኖርባት ነበር። ሁለት ስሞች ከሁሉ ይጎላሉ። አንዱ ካሮል ሻይብለር ነው፣ ጀርመናዊ። ሌላው ኢዝራኤል ፖዝናንስኪ፣ አይሁዳዊ። ፖዝናንስኪ መኖሪያ ቤተ መንግሥቱን ከፋብሪካው አጥር አጠገብ ሠራ። ከመስኮቱ ሆኖ ጭሱን ያያል። ቤቱ ዛሬ የከተማዋ ሙዚየም ነው። መቃብሩም አጠገቡ ባይሆንም ከተማዋ ውስጥ ነው፤ በ1892 በተከፈተው የአይሁድ መካነ መቃብር፣ ጉልላቱ ከውስጥ በሞዛይክ ያጌጠ ትልቅ ሐውልት ተሠርቶለታል።

ሻይብለር ደግሞ ክሸንዚ ምዊን በሚባለው ሰፈር ራሱን የቻለ ከተማ ገነባ። ስሙ የካህኑ ወፍጮ ማለት ነው። ርዝመቱ 200 ሜትር የሚያልፍ መፍተያ፣ ፊት ለፊቱ ለሠራተኞች በመደዳ የተሠሩ ባለ ቀይ ጡብ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ሱቅ፣ ሆስፒታል፣ እሳት አደጋ ጣቢያ። በቤቶቹ መሀል በድንጋይ የተነጠፈ ቀጭን መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው። ሰው ሠርቶ ከፋብሪካው በር እስከ ቤቱ በር የሚራመደው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ይህ ለሠራተኛው ምቾት ነበር ወይስ ገመድ? እኔ ሁለቱንም ነበር እላለሁ። ሥራህን ያጣህ ቀን ቤትህንም ታጣለህ። በ1892 እና በ1905 ዉች ውስጥ የተነሱት የሠራተኛ አመፆች ከሜዳ አልመጡም።

ከዚያ ጨለማው መጣ። በ1939 ከነዋሪው ሲሶው ያህል አይሁድ ነበር። ናዚዎች ከተማዋን ሊትስማንሽታት ብለው ስሟን ቀየሩ። በ1940 ባውቲ የሚባለውን ድሃ ሰፈር አጥረው ጌቶ (የአይሁድ እስር ሰፈር) አደረጉትና ከ160,000 በላይ አይሁዳውያንን ዘጉባቸው። በኋላ ከሌላ አገር የመጡት ሲጨመሩ በዚያ አጥር ውስጥ ያለፈው ሰው ከ200,000 ይበልጣል። ከኦስትሪያ የመጡ፣ ጂፕሲ እየተባሉ የሚጠሩ 5,000 ገደማ የሮማ ሕዝቦችም ነበሩበት። ሰዉ በረሃብ እየረገፈ ለጀርመን ጦር ዩኒፎርም ይሰፋ ነበር። የልብስ ከተማ መሆኗ እዚያም ተከተላት። በኦገስት 1944 የተረፉት ወደ አውሽቪትስ የሞት ካምፕ ተጫኑ። የሶቪየት ጦር በጃንዋሪ 1945 ሲገባ ጌቶው ውስጥ ያገኘው ከ1,000 ያነሰ ሰው ነው።

የተጫኑበት ጣቢያ ራዴጋስት ይባላል። ትንሽ የእንጨት ቤት ናት። ከጎኗ ሰዎቹ የተጫኑባቸው ዓይነት የከብት ፉርጎዎች ቆመዋል። ዉች የሚሄድ ሰው ጊዜ ቢያጥረው ሌላውን ትቶ ይህን ቢያይ ይሻላል ባይ ነኝ። ከላይ የጠቀስኩት መካነ መቃብር ውስጥም የጌቶ መስክ የሚባል ስፍራ አለ። 43,000 ያህል ሰው ተቀብሮበታል። አብዛኛው መቃብር ድንጋይ የለውም፤ ሣር ብቻ ነው።

ሕዝቧ አለቀ፣ ሕንፃዎቿ ግን ቆመው ቀሩ። ዋርሶ ፍርስራሽ ሆና ሳለ ዉች አልፈረሰችም። በዚህ የተነሳ ከጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ዓመታት መሥሪያ ቤቱም፣ ደራሲውም፣ ምሁሩም፣ ፊልም ሠሪውም ወደ እሷ ጎረፈ። የዉች ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ሁለቱም በ1945 የተመሠረቱት ለዚህ ነው። በ1948 ደግሞ የፊልም ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ አንድ የፋብሪካ ባለቤት በነበረ ሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ። አንጄይ ቫይዳ፣ ሮማን ፖላንስኪ፣ ክሽሽቶፍ ኪየሽሎፍስኪ ከዚያ ነው የወጡት። ሌላው የትምህርት ቤቱ ልጅ ዝቢግኒየፍ ሪብቺንስኪ እዚያው ዉች በሠራው አጭር አኒሜሽን በ1983 ኦስካር ወሰደ። የአገሬው ሰው ከተማውን «ሆሊዉች» ብሎ ይጠራታል። ዩኔስኮም በ2017 የፊልም ከተማ ብሎ መዝግቧታል።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ሌላ ትምህርት ቤትም አላት። ከ1952 ጀምሮ ለውጭ አገር ተማሪዎች ፖላንድኛ የሚያስተምር ተቋም እዚያ አለ። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከአረብ አገር ስኮላርሺፕ ያገኘ ወጣት አንድ ዓመት ቋንቋውን ተምሮ ወደ ተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ይበተናል። በደርግ ዘመን ወደ ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ፖላንድ የደረሳቸውም ነበሩ። ከአባቶቻችን አንዱ ፖላንድኛ የሚችል ካለ፣ ስለ ዉች ቢጠይቁት የሚያወራው ነገር አያጣም ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንመለስ። በኮሙኒስቶቹ ዘመን የፖዝናንስኪ ፋብሪካ ተወርሶ ማርህሌቭስኪ የሚል ስም ወጣለት። የሚሠሩት በብዛት ሴቶች ናቸው። በሦስት ፈረቃ፣ ጆሮ በሚያደነቁር ማሽን መሀል፣ ሙቀቱና ብናኙ ሳምባ ውስጥ እየገባ። ከፈረቃ ሲወጡ ዳቦና ሥጋ ሰልፍ ይጠብቃቸዋል፣ ከዚያ ልጅ ይጠብቃቸዋል።

በዲሴምበር 1970 መንግሥት የምግብ ዋጋ ጨመረ። በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የመርከብ ግንባታ ሠራተኞች ተነሱ፤ በጥይት ተመቱ። የፓርቲው መሪ ተቀየረ፤ የተጨመረው ዋጋ ግን አልወረደም። በፌብሩዋሪ 1971 የማርህሌቭስኪ ሴቶች ማሽኑን አቆሙ። ሌሎቹ ፋብሪካዎች ተከተሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ ከዋርሶ መጣ። ሴቶቹ አልፈሩትም። ልጆቻቸው ምን እንደሚበሉ ፊት ለፊቱ ነገሩት፤ እያለቀሱ የጮሁበትም ነበሩ። በማግስቱ መንግሥት የዋጋ ጭማሪውን ሰረዘ። መርከብ ሠሪዎቹ በደማቸው ያላገኙትን የዉች እናቶች አስገኙት። ይህ ታሪክ ከፖላንድ ውጭ ያን ያህል አይታወቅም። መታወቅ ነበረበት። በጁላይ 1981ም እነዚሁ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ባዶ ድስት እያንኳኩ በፒዮትርኮፍስካ መንገድ ለረሃብ ሰልፍ ወጥተዋል።

አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም ይባላል። የዉች አንድ ዓይኗ ጨርቅ ነበር፤ ገበያዋ ደግሞ ከዛሩ ዘመን ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ነው። በ1989 ሥርዓቱ ወደቀ፣ በ1991 የሶቪየት ገበያ ጠፋ። ገበያው ሲከፈት ከእስያ ርካሽ ልብስ ገባ። ግዙፎቹ ፋብሪካዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ ተዘጉ። የማርህሌቭስኪም በር ተዘጋ።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በደቡብ ፖላንድ ያሉት የሲሌዥያ ማዕድን ቆፋሪዎች ጉድጓዳቸው ሲዘጋ ጠንካራ ማኅበር ነበራቸው። ወንዶች ናቸው፣ ዋርሶ ድረስ ሄደው መንገድ ይዘጋሉ። ጠቀም ያለ የስንብት ክፍያ ተሰጣቸው። የዉች ሴቶች ይህ አልተደረገላቸውም። 20 ዓመት ክር ሲቀጥሉ የኖሩ ጣቶች «ሌላ ሙያ ተማሩ» ተባሉ። አንዷ ገበያ ወጥታ ቸረቸረች፣ አንዷ ቤት ውስጥ በሲንጀር መስፋት ጀመረች፣ አንዷ በጡረታ ስም ቤቷ ቁጭ አለች። ወጣቱ ወደ ዋርሶ፣ ፖላንድ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት ስትገባ ደግሞ ወደ እንግሊዝና ጀርመን ሄደ። በ1988 ገደማ 850,000 ሰው የነበራት ከተማ ዛሬ 650,000 አካባቢ ላይ ናት። ከፖላንድ ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ነበረች፤ አሁን ክራኮፍም ቭሮትስዋፍም ቀድመዋታል።

ታዲያ ምን አደረገች? ባዶ ፋብሪካ ያለው ከተማ ሁለት ምርጫ አለው። አፍርሶ መሬቱን መሸጥ፣ ወይም ሕንፃውን ሌላ ሥራ መስጠት። ዉች አንዳንዱን አፈረሰች፣ አብዛኛውን ግን ሌላ ሥራ ሰጠችው። እኔ ትክክል ያደረገችው እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

የፖዝናንስኪ ፋብሪካ በ2006 ማኑፋክቱራ በሚል ስም ተከፈተ። በ27 ሄክታር ግቢ ላይ ሞል፣ ሲኒማ፣ ቲያትር፣ ምግብ ቤት፣ ሙዚየም አለው። ቀይ ጡቡ እንዳለ ነው። መፍተያው በ2009 ሆቴል ሆነ፤ በመግቢያዬ ላይ ያነሳሁት ገንዳ የዚህ ሆቴል ነው። አንዱ የሽመና ክፍል ደግሞ በ2008 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ቅርንጫፍ ሆነ። የዚህ ሙዚየም ስብስብ ለሕዝብ የተከፈተው በ1931 ነው፤ ሰዓሊው ቭዋዲስዋፍ ስትሸሚንስኪና ቀራጺዋ ካታዢና ኮብሮ ከጓደኞቻቸው ጋር ከመላው አውሮፓ ሥዕል ለምነው ያሰባሰቡት ነው። የሸማኔ ከተማ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስብስብ መያዟ አሁንም ያስደንቀኛል።

የሻይብለር መፍተያ አፓርታማ ሆኗል። በ1907 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ደግሞ የሳይንስ ማዕከልና ፕላኔታሪየም ሆኗል። ልጆች ተርባይኑ አጠገብ ቆመው መብራት እንዴት እንደሚመጣ ይማሩበታል። ፒዮትርኮፍስካ፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የምትዘልቀው ዋና መንገድ፣ ከፊሏ ለእግረኛ ተለቃለች። በፔዳል የሚነዱ ሪክሾዎች ይመላለሱባታል። እዚያው በ1894 ዉች ውስጥ የተወለደው ገጣሚ ዩሊያን ቱቪም በነሐስ ተሠርቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አላፊ አግዳሚው ዕድል ይሰጣል እያለ አፍንጫውን ስለሚነካው አፍንጫው ብቻ ያበራል።

ከመንገዷ ጫፍ ገባ ብሎ ያለው ግቢ ግን ልቤን የነካው ነው። አርቲስቷ ዮአና ራይኮፍስካ የግቢውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በተሰባበረ መስታወት ሸፈነችው። ልጇ በሕፃንነቷ የዓይን ካንሰር ይዟት ነበር። ልጅቷ ዓለምን የምታየው እንዴት ይሆን ብላ ነው የሠራችው። እያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ነው፣ ማዕዘኑም ይለያያል። ሰማዩ፣ መስኮቱ፣ የቆመው ሰው ፊት ተቆራርጦ ይታይበታል። ከድሮ የቀረው አሮጌ ግቢ እንዲህ ሆኗል።

እንጀራውስ? ጨርቅ ጨርሶ አልጠፋም፤ ትንንሽ ስፌት ቤቶች በከተማዋና በዙሪያዋ አሉ። ትልቁ ሥራ ግን ሌላ ሆኗል። በ1997 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ተቋቋመ። የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን አምራቾች መጡ። የቢሮ ሥራ ለውጭ ኩባንያዎች የሚሠሩ ማዕከላት ተከፈቱ፤ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የሚችል የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ እዚያ ይቀጠራል። አገሪቱን ከሰሜን ደቡብና ከምሥራቅ ምዕራብ የሚያቋርጡት ሁለቱ ትልልቅ አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙት እዚሁ አጠገብ ስለሆነ፣ መጋዘን እንደ አሸን ፈላ። ከ2013 ጀምሮ ከቻይናዋ ቼንግዱ የተነሳ የኮንቴይነር ባቡር በሁለት ሳምንት ገደማ ዉች ይገባል።

የዴልን ነገር ግን በጥሞና ማየት ያስፈልጋል። ኩባንያው በ2008 ዉች ውስጥ የኮምፒውተር ፋብሪካ ከፈተ። በ2009 ደግሞ አየርላንድ ሊመሪክ ያለውን ምርቱን ወደ ዉች እንደሚያዛውር አስታወቀ። ሊመሪክ ላይ 1,900 ሰው ሥራውን አጣ። የፖላንድ መንግሥት ለኩባንያው 54.5 ሚሊዮን ዩሮ ድጋፍ ሰጠ። ዉች ተደሰተች፣ ሊመሪክ አለቀሰች። በሴፕቴምበር 2024 ተራው የዉች ሆነ። የቤት ዕቃ አምራቹ ቤኮ እዚያ ያለውንና ቭሮትስዋፍ ያለውን ፋብሪካውን እዘጋለሁ አለ፤ በሁለቱም 1,800 ሰው ገደማ። በርካሽ ጉልበት የመጣ ፋብሪካ የበለጠ ርካሽ ሲያገኝ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲውና ፊልም ትምህርት ቤቱ ግን እንዲህ ዕቃቸውን ጭነው አይሄዱም። ገንዘብ ካለ እነሱ ላይ መፍሰስ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

በዚያው በሴፕቴምበር 2024 ሌላም ነገር ሆነ። የዉች መሀል ከተማ ባቡር ጣቢያ ከ1860ዎቹ ጀምሮ መውጫ የሌለው ነው። ባቡር ይገባል፣ በመጣበት ይመለሳል። በ2016 ጣቢያው ከመሬት ሥር እንደ አዲስ ተሠራ፤ ከዚያ ከተማዋን በሥሯ አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚያገናኝ ዋሻ መቆፈር ተጀመረ። ማሽኑ ሲያልፍ ከላዩ ያለ አሮጌ መኖሪያ ሕንፃ ከፊሉ ተደረመሰ። ነዋሪዎቹ አስቀድመው እንዲወጡ ስለተደረገ ሰው አልሞተም። ቤታቸው ግን ሄደ። ለከተማዋ የሚጠቅም ሥራ ነው፣ ይህን አልክድም። ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ግን በዚያ ቀን ታየ።

አሮጌ ቤቶችን ማደሱም እንዲሁ ነው። ከ2011 ወዲህ ከተማዋ በራሷና በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች አድሳለች። ቤቱ እስኪታደስ ተከራዩ ሌላ ቦታ ይሰጠዋል። ታድሶ ሲያበቃ ኪራዩ ይጨምራል። የድሮዋ የፈትል ሠራተኛ በጡረታዋ ወደዚያ ቤት ለመመለስ አቅም የላትም። በአትክልትና ዕፅዋት ዘርፍ በ2029 እንዲካሄድ የታቀደውን ዓለም አቀፍ ኤክስፖ እንድታስተናግድ ዉች ተመርጣለች። ፓርኮች ይሠራሉ፣ ዛፍ ይተከላል፣ እንግዳ ይጎርፋል። ጥሩ ነው።

የሄደ ሰው ግን አንድ ነገር ያድርግ። ፒዮትርኮፍስካ ላይ ቀለሙ የተቀባውንና ሐውልቱ የታደሰውን የሕንፃ ፊት አይቶ ሲያበቃ፣ በቅስት በሩ አልፎ ወደ ጓሮ ይግባ። ብዙ ግቢዎች ታድሰዋል። ባልታደሱት ውስጥ ግን ልስኑ ረግፎ ጡቡ ይታያል። ክረምት ላይ የከሰል ምድጃ ጭስ ይሸታል። ሽንት ቤቱ ደረጃው ላይ የጋራ የሆነባቸውም አሉ። መስኮት ላይ አበባ ያለበት የቆርቆሮ ጣሳ ተቀምጧል፤ ከኋላው አንዲት አሮጊት መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ማን እንደገባ ያያሉ። 1971ን የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው።